ኩርፊያና ዲፈረንሻል

ያን ክረምት ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ ተኳርፈው ከረሙ። ኩርፊያ ሲባል ዝም መባባል ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል፤ ዝም ቢባባሉማ ጋራዡ በተገላገለ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ሲነጋገሩ ነው የሚውሉት፤ ብቻ አንዱ ለሌላው የሚለው ሁሉ በእህታቸው አፍ ያልፋል።

«ክሪኩን ይመልስ በይው!» ይላል ትልቁ ከፎሳው፣ ከመኪና መሥሪያው ጉድጓድ፣ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ።

ክሪኩን የወሰደው ታናሹ እጁን ቢዘረጋ በሚነካው ቦታ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ይፈታል። ቀና አይልም።

«ሰማህ?» ትላለች እህታቸው ከመለዋወጫው ባንኮኒ ጀርባ።

«አልሰማሁም በይው።»

«አልሰማሁም ይልሃል፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ጆሮ የሚሉት ምኑን አይተው ነው? ጠይቂልኝ እስቲ!»

እውነትም ሰፈሩ ታናሹን ጆሮ ነው የሚለው። ፍሬንና የጎማ ኩሽኔታ የእሱ ሥራ ናቸው። የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ተክሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ ይነግራችኋል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ትልቁ ደግሞ ካምቢዮ ነው። ከማርሽ ሳጥኑ ጀምሮ እስከ ኋላ ዲፈረንሻሉ ድረስ ያለው የመኪና ሆድ ዕቃ በእሱ እጅ ነው። እህታቸው በሁለቱ መሐል የተወለደች ናት፤ መሐል መወለድ ምን እንደሚያስከትል ግን ያን ክረምት ነው የገባት።

ጠቡን ያመጣችው፣ ምንም ሳታውቅ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ሲስተር የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከቀይ ጭቃ ዳገት አናት ላይ ነው። አሮጌ መኪናዋ በኋላ ጎማ የምትገፋ ስለሆነች ዝናብ በጣለ ቁጥር ዳገቱ ወገብ ላይ ትቀራለች። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ በባዶ ሲሽከረከር፣ ሌላው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ እንደ ተመልካች ያየዋል። የተራ ዲፈረንሻል ዐመሉ ይኸው ነው፤ ጉልበቱን የሚሰጠው ለሚንሸራተተው ጎማ ነው። ይህን እንዳያደርግ ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት አለ። በሆዱ ውስጥ እንደ ፍሪሲዮን የተደራረቡ ሳህኖች አሉት፤ እነሱ ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ጨብጠው ይይዛሉ። ሊሚትድ ስሊፕ ይባላል፤ እነካምቢዮ ጋራዥ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ ባጭሩ «ያዥ» ነው የሚሉት። ሲስተር ስለ ያዥ ሰምታ፣ ከውጭ ባስመጣው ትገጥሙልኛላችሁ ወይ ብላ መጣች።

ካምቢዮ ያን ጊዜ ሌላ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ ነበር። ድምፅዋን ሰምቶ ሊወጣ ሲል ታናሹ ቀደመው።

«ተይው፣ ሲስተር» አላት። «ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ የፈታ የገጠመው ተራውን ነው። እንዲህ ያለውን አይችለውም፤ ያበላሽብሻል። ሌላ ጋ ውሰጂው።»

እስቲ ፍረዱ! ጋሼ እያለ ነው የሚሰድበው። ሰው ታላቁን በአክብሮት እየጠራ እንዲህ አድርጎ አፈር ያስግጠዋል? ካምቢዮ ያን ሰዓት ከመኪናው ሥር ወጥቶ አንድ ቢጮህ፣ ታናሹም ቢመልስለት፣ ነገሩ እስከ ማታ ባለቀ ነበር። አልወጣም። ሲስተር ሰላም ብላ እስክትሄድ እዚያው ተጋድሞ ቀረ፤ ፊቱ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብበት እንኳ አልጠረገውም። ሲወጣ በወንድሙ አጠገብ እንዳላየው አለፈ፤ በማግስቱም በሳምንቱም የሚለውን ሁሉ በእህቱ በኩል ላከ። ደሙ ግን ይፈላል።

ጆሮ ክፋት አስቦ አልነበረም። «ሴትየዋ ያለቻት ያቺ መኪና ብቻ ናት፤ ብትበላሽ ምጥ የያዛት ሁሉ ምን ይሆናል ብዬ ነው» ብሎ ለእህቱ ነግሯታል። እሷም ለታላቁ አድርሳለች። «ምክንያቱን አልጠየቅኩትም በይው» ነው የተባለችው። ያኔ ጆሮም ተናደደ። ለደግ ብናገር ያኮርፍብኛል? ብሎ በማኩረፉ አኮረፈበት። ሆድና ጀርባ ሆኑ።

ዕቃው ከነካርቶኑ የመጣ ዕለት ሲስተር በጆሮ አጠገብ አልፋ በቀጥታ ወደ ካምቢዮ ሄደች። «እኔ የማውቀው አንተን ነው» አለችው። ካምቢዮ ልቡ ተነፋ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያዡን አሳምሮ ይገጥማል፤ ጆሮም በሲስተር ፊት፣ በገዛ አፉ፣ «ሥራው ልክ ነው፣ ተሳስቼ ነበር» ይላል። ሌላ ምንም አይፈልግም። ይህችን ካላገኘ ግን ዕድሜ ልኩን ቢያኮርፍ ግድ የለውም።

ሌላው መካኒክ ሲናደድ ቡሎን ይቆርጣል፤ ካምቢዮ ግን ሲናደድ ነው እጁ የሚጠነቀቀው። ዘይቱን አፈሰሰ፣ ጎማዎቹን የሚያዞሩትን ዘንጎች፣ ሴሚያሶቹን፣ ሳበ፣ አሮጌውን ዲፈረንሻል ከነኮሮናው አወጣ። ኮሮናውን፣ ማለት ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት፣ ፈትቶ በቤንዚን አጠበና ወደ አዲሱ ያዥ አዛወረው። ቡሎኖቹን በመስቀል እያፈራረቀ አጠበቀ። ሳህኖቹን እነሱ ብቻ በሚወዱት ዘይት ነክሮ አሳደራቸው። ኩሽኔታዎቹን በፕሬስ አስገባ። ከዚያ መጣ የስፔሶሩ ጣጣ። ስፔሶር ከወረቀት የማይወፍር ብረት ነው፤ በግራ ቢበዛ ኮሮናው ፒኞኑን፣ የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ፣ ያንቃል፣ በቀኝ ቢበዛ ይርቀውና ያንኳኳል። ገጠመ፣ ለካ፣ ፈታ፣ አንዱን ስፔሶር ከግራ ወደ ቀኝ አሻገረ፣ እንደገና ገጠመ። የኮሮናውን ጥርስ ቢጫ ቀለም ቀብቶ አዞረውና የፒኞኑን አሻራ አየ። አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ሸሽቷል። እንደገና ፈታ። «አይችለውም፣ እ? አይችለውም?» እያለ ነው የሚፈታው። መጨረሻ ላይ አሻራው ልክ ጥርሱ መሐል ላይ አረፈ። ካምቢዮ ለብቻው ሳቀ፤ ደግሞ ወዲያው ፊቱን አጠቆረ፤ ሲስቅ ጆሮ እንዳያየው ብሎ ነው።

ጆሮ አላየውም። ያ ሁሉ ሲሆን በአጠገቡ ተመላለሰ እንጂ አንድ ጊዜ አንገቱን አላዞረም። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በካቫሌቶ፣ በብረት ማቆሚያ፣ ከመሬት ተነስተው ካምቢዮ አንዱን በእጁ ሲያዞረው ሌላው አብሮት ወደ ፊት ዞረ። በተራው ዲፈረንሻል ቢሆን ወደ ኋላ ነበር የሚዞረው። ተያይዘዋል! ካምቢዮ ጎማውን ሆን ብሎ ሁለቴ ሦስቴ አዞረው፤ አስነጠሰ፤ ቁልፍ መሬት ላይ ጣለ። ጆሮ የፍሬን ሸራውን እየሞረደ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ካምቢዮ አደጋው የታየው ያኔ ነው። ሁለቱ ጎማ ከተያያዘ፣ አንዱን ብቻ አንስተው ማርሽ ቢያስገቡ፣ መሬት የረገጠው ጎማ መኪናዋን ይዟት ይሄዳል፤ ከክሪኩ ላይ ዘላ ትወርዳለች። በተራው ዲፈረንሻል ግን የተነሳው በባዶ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ጆሮ ኩሽኔታ የሚያዳምጠው ደግሞ በትክክል እንደዚያ ነው፤ አንዱን ጎማ በክሪክ አንስቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሥሩ ተጋድሞ። አባታቸው ካስተማራቸው ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ያዥ የተገጠመላት መኪና በዚያ ጋራዥ ገብታ አታውቅም።

ይህ መነገር አለበት። ካምቢዮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ባንኮኒው ሄደ።

«ስሚ እስቲ፣ አንድ ነገር አለ፤ ንገሪው—»

«አልነግረውም!»

እህታቸው የያዘችውን የአምፖል ካርቶን ባንኮኒው ላይ አጋጨችው። ያን ዕለት ጠዋት ደንበኛ ፊት «አፍንጫህን ላስ በይው» እና «አንተው ላስ በይው» ስታመላልስ ቆይታ፣ ደንበኛው ስቆባት ሄዷል።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንም አፍ አይደለሁም! ሽማግሌዎች! ልጅ አድርሳችሁ በእኔ አፍ ትሰዳደባላችሁ! ቤቴ ገብቼ እንኳ ባለቤቴን ውሃ ስጠኝ ማለት ትቼ ‹ውሃ ይስጠኝ በሉት› እላለሁ። አብዳችሁ አሳበዳችሁኝ! ያለህን ሂድና ራስህ ንገረው። ያው እዚያ ነው ያለው!»

«ቁም ነገር እኮ ነው—»

«ቁም ነገር ከሆነ ደግሞ በእኔ በኩል አይደለም የሚሄደው!»

ካምቢዮ ዞሮ ታናሹን አየው። ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚሠራው፤ ያ ጀርባ ራሱ ያናድዳል። ሄዶ ሊለው አሰበ። ምን ብሎ ይጀምር? «ስማ» ብሎ? እሱ ቀድሞ አፉን ከከፈተማ ተሸነፈ ማለት ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያኮረፈው ለምን ነበር? ደግሞስ ሁሉን አዋቂ አይደል? ወንድሜ አይችልም ያለ ሰው፣ ያዥ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም? ይወቅ! ባያውቅ ደግሞ ማርሽ ሲያስገባ መኪናዋ ስትንቀጠቀጥበት ደንግጦ ያጠፋታል፤ አላውቅም ነበር ብሎ ያፍራል። ካምቢዮ ታናሹ እንዲጎዳ አልፈለገም። እንዲያፍር ግን ፈልጓል፤ አጥብቆ ነው የፈለገው። «ተይው እንግዲህ» ብሎ ነገሩን እንደያዘ ተመለሰ።

መኪናዋን አውርዶ ከሰፈሩ ጀርባ ወደሚገኘው ሜዳ ወሰዳት። ሳህኖቹ እንዲስማሙ በቀስታ ስምንት ቁጥር እየሠራ ነዳት፤ ከዚያ ሆን ብሎ አንድ ጎማዋን ረግረግ ውስጥ ከተተና ነዳጅ ሰጠ። ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣች። መሪውን በመዳፉ እየደበደበ ብቻውን ጮኸ። ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ስለ ክሪክም ስለ አደጋም አላሰበም፤ የሚያስበው የታናሹን ፊት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር መኪናዋን ልትወስድ መጣች። ካምቢዮ ቁልፉን ሰጥቷት፣ አንድ ዙር ዞረሽ እይያት ብሎ፣ እስክትመለስ ጓሮ ካለው ቧንቧ እጁን በሳሙና ሊፈትግ ሄደ። ሲስተር ዞራ መጣች። እየሳቀች ነበር።

«ጋሼ የት ሄደ? እንዴት ያለች መኪና አደረገልኝ! ብቻ ከኋላ በግራ በኩል አንድ የሚያጉረመርም ነገር አለ፤ ድሮም ነበር።»

ጆሮ ብድግ አለ። ያዥ መገጠሙን ያውቃል፤ ግን ኩሽኔታ ሲያጉረመርም ስለ ሌላ ነገር የሚያስብ ሰው አይደለም፤ እጆቹ ያው የለመዱትን አደረጉ። ከፊት ጎማ ሥር አንድ ድንጋይ ጣል፣ ክሪኩን ከግራው አክስል ሥር፣ የግራ ጎማ ከመሬት ወደ ላይ። ጎኑን ሰጥቶ ተጋደመና ካቻቪቴውን ጆሮው ላይ ተከለ።

«አስነሺና አንደኛ አስገቢ፣ ሲስተር። እኔ ስጪ ስልሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ።»

ካምቢዮ እጁን እያራገፈ ከጓሮ ብቅ ሲል ያየው ይህን ነው። የተነሳ ጎማ፣ የሚሠራ ሞተር፣ ሥሩ የተጋደመ ወንድሙ።

አፉን ከፈተ። «ውጣ!» ሊል ነው። «ተነስ!» ሊል ነው። ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ ያ አፍ ለዚያ ሰው በቀጥታ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ የወጣው የለመደው ብቻ ነው።

«በይው!» ብሎ ጮኸ ወደ ባንኮኒው። «እንዳያስገባ በይው! በይው አንቺ!»

እህቱ ቀና ሳትል ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «ራስህ በለው! አፍ የለህም?»

ጆሮም ሰማ። ጆሮ የማይሰማው ነገር የለም። ግን «በይው» ተብሎ የሚጀመር ነገር ሁሉ ለእሱ እንዳልተባለ አድርጎ መስማት ለምዷል፤ ደግሞ የታላቁን ጩኸት ባለመስማት የሚያናድደውን ያህል በምንም አያናድደውም። ካቻቪቴውን አጠበቀና፣

«ስጪ፣ ሲስተር» አለ።

መኪናዋ ዘለለች። ድንጋዩን ረግጣው ሄደች፣ ክሪኩ ተገነደሰ፣ የተነሳው ጎማ እየተሽከረከረ ወለሉን ነክሶ ጮኸ። ሲስተር ፍሬን እስክትረግጥ መኪናዋ የሥራ ጠረጴዛውን ገጭታ ሞተሯ ጠፋ። በዚያ መሐል የጆሮ ጩኸት አንዴ ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።

ክሪኩ ቀኝ እጁ ላይ ነበር የወደቀው። ካምቢዮ ሮጦ ክሪኩን አነሳው፤ ከሥሩ የወጡት ጣቶች የሰው ጣት አይመስሉም። ሲስተር ወርዳ ገፋ አደረገችውና ተንበረከከች።  ንጹሕ ጨርቅና ጠፍጣፋ እንጨት ብላ አዘዘች፤ እህቱ እያለቀሰች አመጣች።

ጆሮ የሚያየው እጁን አልነበረም። ወለሉ ላይ የቀሩትን ሁለት ጥቁር የጎማ መስመሮች ነበር። አንዱ መሬት ላይ ከነበረው ጎማ፣ አንዱ ከተነሳው። ዓይኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሄደ፤ ገባው። ከዚያ ቀና ብሎ ታላቁን በቀጥታ አየው።

«ታውቅ ነበር?»

ክረምቱን ሙሉ በቀጥታ ሲያናግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

«ልነግርህ…» አለ። «ልነግራት ነበር።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ሰማው። ትልቅ ሰው ነው ይህን ያለው፤ ሰማንያ ዓይነት ስፔሶር በጣቱ ዳብሶ የሚለይ ሰው። እህቱ ጨርቁን እንደያዘች ቆመችና አየችው።

«ጠዋት ያልከኝ ይህን ነው?» አለችው። «ይህን ነው በእኔ አፍ ልትልክ የነበረው?»

«አልሰማ አልሽኝ እኮ!»

«እኔ አልሰማ ብል እሱ አልነበረም እዚያ? እግር አልነበረህም? እኔን ነው የምትከስ? ዓይንህ ይጥፋ!» ጨርቁን ደረቱ ላይ ወረወረችበት። ሲስተር «ጨርቁን!» ብላ ባትጮህ እዚያው አንገቱን ትይዘው ነበር። ካምቢዮ ራሱ አንስቶ አቀበላት። ጆሮ ከዚያ በኋላ ወደ እሱ አላየም።

ወደ ሆስፒታሉ የሄዱት በዚያችው መኪና ነው፤ ፊቷ ከመጨርመቱ በቀር ደህና ነበረች። ሲስተር ነዳች፣ እህታቸው ከጎኗ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ከኋላ። አቋራጩ መንገድ ዝናብ የበላው ዳገት ነበር። ሲስተር አንደኛ ማርሽ አስገባችና ነዳጅ ሰጠች፤ መኪናዋ ጭቃውን ጨብጣ ወጣች። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንሸራተተችም። ካምቢዮ ከተቀመጠበት ሥር ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ መሬቱን ሲይዙ ይሰማዋል፤ ባይይዙ፣ ጭቃው ውስጥ ገብታ ብትቀር፣ ሥራው ሁሉ ተበላሽቶ ወንድሙ ቢስቅበት ይሻለው ነበር። በራሱ ላይ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

«ወንድሜ» አለ። ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ፣ በቀጥታ ነው ያለው። «ይቅር በለኝ።»

ጆሮ የታሰረ እጁን በደረቱ ይዞ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ዳገቱን ጨርሰው አስፋልቱን ያዙ።

«እትዬ» አለ ከዚያ።

«አቤት።»

«ሥራው ልክ ነው በይው። ተሳስቼ ነበር በይው። ሲስተርም ትስማ።»

እህታቸው ወዲያው አልዞረችም። የማንም አፍ አይደለሁም ብላለች። ግን በጉዳተኛ ላይ እንዴት ይጨከናል? ወንበሯን ተደግፋ ወደ ኋላ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ሥራው ልክ ነው ይልሃል፣ ጋሼ» አለችው። «ተሳስቼ ነበር ይልሃል።»

ካምቢዮ የይቅርታውን መልስ ጠበቀ።

«ሌላስ?» አለ።

«ሌላ ምንም አላለም።»